የቤት ዐይብና የሰው ገመና



ከሚሴ ውስጥ ቤት ሲሸጥ ደላላው የዘለለውን ጎረቤት ይናገረዋል። «እዚያ የገባ ሰው አይበረክትለትም»፣ «ሌሊት ጂን ያንኳኳል»፣ «ሰው ሞቶበታል» ይባላል። ገዢው ይህን የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ከፍሎና ዕቃውን አስገብቶ፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራው ነው። ሻጩ አስቀድሞ መናገር ነበረበት? አዎ እንላለን፤ ልክ ግን አለው።

ቡኻሪና ሙስሊም ከሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ በመድረሳ ተምረነዋል። ሻጭና ገዢ እውነቱን ከተናገሩና ዐይቡን ከገለጹ ሽያጫቸው ይባረካል፤ ከደበቁና ከዋሹ በረካው ይነሳል።

«በገድ ማመን በዲናችን የተከለከለ ነው፤ ታዲያ ገደ ቢስ መባሉን ለምን እንናገራለን?» የሚል ይኖራል። ወሬውን መንገር ወሬውን ማመን አይደለም። ገዢው ባያምንበትም፣ ነገ መልሶ ሲሸጥ ዋጋውን የሚሰብርበት ያው ወሬ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት አንዲት ባለቤት ቤቷ መናፍስት እንዳለበት ለጋዜጣ ስትናገር ኖራ፣ ወሬውን ለማያውቅ የሌላ ከተማ ሰው ሸጠችው። በ1991 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገዢው ውሉን እንዲያፈርስ ፈቀደለት። ክብደት የሰጠው ገዢው ቤቱን የቱንም ያህል ቢመረምር ስሙን ከግድግዳው ላይ ሊያነበው አለመቻሉን ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። ጂን መኖሩን አንክድም፤ ቁርኣን ነግሮናል። ነገር ግን «ጂን» የሚባለው ሁሉ ጂን አይደለም። የጨፋ ሜዳ ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለ ቤት ግድግዳው ይተረተራል፣ በሩ አልገጥም ይላል። ቀን በፀሐይ የተለጠጠ ቆርቆሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል። በተዘጋ ክፍል ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ያሳምማል፣ ያስታል፣ ይገድላል። ወሬውን የሰማ ገዢ መሠረቱን ያስመረምራል፣ መስኮት ያስከፍታል። ያልሰማው ግን ልጆቹን እዚያው ክፍል ያስተኛል።

ልኩ ደግሞ ይህ ነው። የሟች አሟሟት፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የታመመ ልጅ ነገር የቤተሰብ ገመና ነው፤ የሙስሊምን ገመና መሸፈንም ታዘናል። መለኪያችን አንድ ጥያቄ ይሁን፦ ነገሩ ከቤቱ ጋር የሚቀር ነው ወይስ ከቤተሰቡ ጋር የሚሄድ? ስንጥቁ፣ ውኃ የሚገባበት ክፍል፣ ያልተቋጨ የውርስ ክርክር፣ ሠፈሩ የሚያወራው ስም ከቤቱ ጋር ይቀራሉ፤ ይነገሩ። «ሰው ሞቶበታል፣ ሠፈሩም ያወራል» ማለት ይበቃል። ማን፣ እንዴት፣ ለምን የሚለው ከባለቤቶቹ ጋር ይሂድ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። እንግዲያው የተነገረው ዐይብም እዚያው ውል ላይ ይጻፍ፤ ሻጭን ከነገ ክስ፣ ገዢን ከነገ ጸጸት ያድናል። ለእረፍት ወደ ከሚሴ፣ ባቲና ሰንበቴ የምንመለስ ተማሪዎች ወላጆቻችን ሲሸጡም ሲገዙም ውሉን እናንብብላቸው፤ ሳይፈርሙም ይህን እናስታውሳቸው። ዋጋው ጥቂት ቢወርድ በረካው ይተርፋል።

ወላሁ አዕለም።