ጠፈር ላይ የትርፍ ሰዓት የለም
ለሳምንት ያህል ብለው በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር የወጡት የአሜሪካው ጠፈር ድርጅት የናሳ ጠፈርተኞች ቡች ዊልሞርና ሱኒ ዊሊያምስ ከ286 ቀን በኋላ ሲመለሱ የትርፍ ሰዓትም ሆነ የበዓል ቀን ክፍያ አልተሰላላቸውም፤ ከደመወዛቸው ሌላ የታሰበላቸው አበል ለእያንዳንዳቸው በቀን 5 ዶላር፣ በድምሩ 1,430 ዶላር ነው። ብዙዎች «ግፍ ነው» አሉ። እኔ ግን ግፉ እዚህ ላይ አይታየኝም። ናሳ ለአብዛኛው ሠራተኛው የሚከፍለው 15 ደረጃ፣ በየደረጃውም 10 እርከን ባለው የፌዴራል የደመወዝ ስኬል ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛውም መሐንዲሱም የሚወጡት አንድ መሰላል ነው፣ ሰንጠረዡንም ማንም ማየት ይችላል። ደረጃቸው እኩል ሆኖ የሂውስተኑ የናሳ ማዕከል ሠራተኛ ደመወዝ ከሀንትስቪሉ ቢበልጥ፣ ልዩነቱን ያመጣው የአካባቢው የሥራ ገበያ እንጂ የአለቃ መልካም ፈቃድ አይደለም። ይህ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ ነው፦ በአንድ ደረጃ ውስጥ ከመጀመሪያው እርከን አሥረኛው ላይ ለመድረስ በተለመደው አካሄድ 18 ዓመት ይፈጃል። የሮኬት ሞተር ጠንቅቆ የሚያውቅ ወጣት ይህን ያህል ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ የግል ኩባንያ አክሲዮን ጨምሮ ይወስደዋል። እንግዲህ ኮንግረስ ማስተካከል ካሰበ ከጠፈርተኛው አበል በፊት የእርከኑን ዓመታት ያሳጥር።