ከሐረጎ በላይና ከሐረጎ በታች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ሜዳው ላይ የደረሰ መንገደኛ ከ600 ሜትር በላይ ወርዷል፤ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸውና። ኅዳር ላይ በማለዳ ደሴ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ በዩኒፎርሙ ላይ ሹራብ ደርቦ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ከአፉ እንፋሎት እያወጣ ይራመዳል። ኮምቦልቻ ላለው እኩያው ሸሚዝ ይበቃዋል። የሁለቱም ደወል ግን ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 2:00 እስከ 2:30 ባለው ውስጥ ነው የሚደወለው። ሰዓቱን እንደ አስተዳደር ጉዳይ ስለምናየው በመማሪያ ክፍልና በመምህር ቁጥር እንወስነዋለን፤ ሒሳቡን የሚያወራርደው ግን የልጁ ቤት ነው። ትምህርት የሚጀመርበት ሰዓት በየከተማው፣ የወላጅ የሥራ ሰዓትና የፀሐይዋ አወጣጥ ታይቶ መወሰን አለበት ባይ ነኝ። አንዴ ከተወሰነ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሳይነቃነቅ ሊቆይ ይገባል።

ከፀሐይዋ እንጀምር። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ትወጣለች ማለት ለአነጋገር ይመቻል እንጂ ልክ አይደለም። በግንቦት መጨረሻ ደሴ ላይ 12 ሰዓት ገደማ ብቅ የምትለው ፀሐይ፣ በጥር አጋማሽ እስከ 12:45 ገደማ ትቆያለች። በኅዳር መጀመሪያ ደግሞ አመሻሹን 11:55 ገደማ ትጠልቃለች። ይህ ሜዳ ላይ የሚሠራ ሒሳብ ነው፤ ደሴ ግን ጦሳን በስተምዕራብ፣ አዝዋ ገደልን በስተምሥራቅ ይዛ የተቀመጠች ከተማ ናት። ፀሐይዋ ዘግይታ ትደርሳለች፣ ቀድማም ትሸሻለች። በጥር ወር 2:00 ላይ ሰልፍ ቦታ መገኘት ያለበት፣ መንገዱም አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ልጅ በ1:00 ከቤት መውጣት አለበት። ለዚያም ቁርስ የሚያሰናዳለት ሰው በጨለማ ተነስቶ ከሰል ማያያዝ ይኖርበታል። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ እናት ናት፤ እናት ከሌለች ታላቅ እህት፣ እሷም ራሷ ተማሪ የሆነች።

በውጭው ዓለም ስለዚህ ጉዳይ የሚደረገው ክርክር የሚያተኩረው በእንቅልፍ ላይ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምክር የጎረምሳነት ዕድሜ ላይ ላሉ ተማሪዎች ትምህርት ከጠዋቱ 2:30 በፊት ባይጀመር መልካም ነው ብሏል፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። በዚያ ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው የሰውነት ንጥረ ነገር የሚመነጨው ማታ ዘግይቶ ስለሆነ፣ በጊዜ ተኛ ቢሉት እንኳ ልጁ እንቅልፍ አይወስደውም። በሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ከ1:50 ወደ 2:45 ሲዛወር፣ የሁለት ትምህርት ቤቶችን ተማሪዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች በየቀኑ 34 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ እንቅልፍ እንዳገኙ አረጋግጠዋል። ካሊፎርኒያ ጉዳዩን በሕግ ደነገገችው። ፍሎሪዳም ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ነገር ግን የአውቶቡሱ ወጪና የወላጆች ሰዓት አልገጥም ስላለ ሥራ ላይ ሳይውል ሻረችው። ለእኔ ከሲያትሉ ይልቅ የፍሎሪዳው ይበልጥ ያስተምራል፤ የልጁ እንቅልፍ ብቻውን ሰዓት እንደማይወስን ያሳያልና።

በእኛ አገር 2:30 የመንግሥት መሥሪያ ቤት መግቢያ ነው። ከዚህ ላይ ነው የአሜሪካኑ መፍትሔ እንዳለ ተገልብጦ ሊመጣ የማይችለው። እዚያ ልጁን ቢጫ አውቶቡስ ይወስደዋል፤ እዚህ የሚወስደው የሰው እጅ ነው። ትምህርት 2:30 ከተጀመረ፣ የመጀመሪያ ክፍል ልጇን ከሆጤ ወይም ከሸዋ በር ይዛ የምትመጣ የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መፈረም ይጠበቅባታል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ተማሪ እንዳለ መለየት ግድ ነው። ትልቁ ተማሪ ብቻውን ይሄዳል፣ ሰዓቱንም ማየት ያለብን ከገዛ አካሉ ጋር ነው። ትንሹ ግን የሚሄደው በወላጁ ሰዓት ነው። ሁለቱን በአንድ ደወል መሰብሰብ ለአስተዳደሩ ይቀላል እንጂ አንዳቸውንም አይጠቅምም።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የተተከለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ የቢራ ፋብሪካው አለ፣ በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ብዙ ወጣት ሴቶች የሚቀጠሩበት የልብስ ስፌት ሥራ ይዞ መጥቷል። የእናት ሥራ በሺፍት፣ የልጅ ትምህርት በፈረቃ ሲሆን ሁለቱ ይተላለፋሉ። የሌሊት ሺፍት ጨርሳ የገባች እናት እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ልጇ ደብተሩን ይዞ ይወጣል። የከሰዓት ፈረቃ ሲደርሰው ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ የተኛችው እናቱ አጠገብ ድምፁን አጥፍቶ መቀመጥ አለበት፤ ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ የት ይሄዳል? ጎረቤት ትይዘዋለች፤ ጎረቤትም ሥራ ከያዘች መንገድ ይይዘዋል።

ፈረቃ ራሱ የመጣው ከችግር ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት ቤቶችን በር ለሚሊዮኖች ከፈተ፣ የክፍሉ ግንባታ ግን አልደረሰበትም። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና የተዘጋው ትምህርት በ2013 ሲከፈት በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ እንዲቀመጥ ስለታዘዘ፣ ሙሉ ቀን ያስተምሩ የነበሩትም ፈረቃና የቀን ተራ ገቡ። ዓመቱን ሳይደፍኑ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2014 መግቢያ የደሴ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። የደሴና የኮምቦልቻ ወላጅ በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ኑሮውን በአዲስ ሰዓት እንዳሰናዳ ለማስላት እንግዲህ ጥናት አያስፈልግም። ስለዚህ የክፍል እጥረት ባለበት ፈረቃ ይቅር ማለት የዋህነት ነው። ሊቀር የሚችለው መለዋወጡ ነው። ልጁ በዚህ ሳምንት ጠዋት፣ በሚቀጥለው ከሰዓት የሚገባ ከሆነ፣ ለቤተሰቡ ከመጥፎ ሰዓት የባሰው ይህ ነው፤ መጥፎ ሰዓት እንኳ ሲቆይ ይለመዳል፣ የሚያደርስ ሰው ይፈለግለታል፣ ከአሠሪም ጋር ይስማሙበታል።

መለዋወጡ ለፍትሕ ነው የሚል መከራከሪያ አለ፤ ጠዋቱ ጥሩ ስለሆነ ሁሉም ተራ ይድረሰው ነው ነገሩ። ክርክሩ ቁም ነገር አለው። ጠዋቱ ለሁሉም እኩል ጥሩ ነው የሚለው ግን አያስኬድም። ለትንሹ ልጅ ጥሩ ነው፣ ወላጁ ወደ ሥራ ሲሄድ ያደርሰዋልና። ለጎረምሳው የእንቅልፍ ሰዓቱ ነው። ታዲያ ጠዋቱን ለታችኞቹ፣ ከሰዓቱን ለላይኞቹ ክፍሎች ለዓመቱ ቢያጸኑት ሁለቱም ያተርፋሉ። እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሴት ተማሪዎች ወላጆች ነው። ኅዳር ላይ 11:30 የምትወጣ ልጅ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያላት 25 ደቂቃ ነው፤ ጢጣ ድረስ የምትሄድ ከሆነች በጦሳ ጥላ ስር ጀምራ በጨለማ ትጨርሰዋለች። ይህን ስጋት በእንቅልፍ ጥናት ማሸነፍ አይቻልም፣ መሞከርም አያስፈልግም። ከጥቅምት እስከ ጥር የከሰዓቱ ፈረቃ ዕረፍቱን አሳጥሮ 11:00 ላይ ማብቃት አለበት፤ የማይቻል ከሆነ ደግሞ የላይኞቹ ክፍሎች ደሴ ላይ በጠዋቱ ይቆዩና መግቢያቸው ወደ 2:30 ይገፋ። ኮምቦልቻ ግን ጥላ የሚጥልባት ተራራ እንደ ጦሳ አልተጠጋትም፤ እዚያ ማሰብ የሚገባው ከቀትር በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያ ስር የሚከማቸውን ሙቀት ነው።

ለትንንሾቹ ሌላ መላ አለ፤ በሩ የሚከፈትበትንና ትምህርቱ የሚጀመርበትን ሰዓት መለየት። ደሴ ላይ በሩ 1:45 ተከፍቶ፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሳይሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቆይተው፣ ትምህርቱ 2:15 ቢጀመር እናት ሥራዋ ላይ ትደርሳለች፣ አርፍዶ የመጣውም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አያመልጠውም። በ2012 የተጀመረው የአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ ቁርስንም ስለሚያካትት፣ ልጅ ከትምህርት በፊት ግቢ ውስጥ የሚቆይበት ምክንያት ሊኖር እንደሚችል አሳይቷል። ቁርስ ባይኖር እንኳ ጥበቃውና በተራ የሚመጣ አንድ መምህር ይበቃሉ። የመምህሩ አበል ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ዛሬ ግን ያንን ሰዓት በነፃ የምትሸፍነው እህቱ መሆኗን እያየን ዋጋ የለውም ማለት አንችልም።

ሰዓት ከክልል ክልል፣ ከከተማ ከተማ ከተለያየ ሥርዓት ይፈርሳል የሚሉ አሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ራሱ ዓርብ ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የሚዘጋው ለጁምዓ ሶላት ነው፤ ሥርዓቱ አልፈረሰም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰዓት ቆጣሪም አለ። ብዙ ልጆች ከመደበኛው ትምህርት በፊት ወይም በኋላ ቁርዓን ቤት ይሄዳሉ፤ የረመዳን ወር ሲገባ ቤቱ ለሱሑር ሌሊት ይነሳል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየሸሸ ስለሚመጣ፣ መቼ እንደሚውል የዓመቱ የትምህርት ካላንደር ሲወጣ አስቀድሞ ይታወቃልና ሰዓቱን በዚያው ማቀድ ይቻላል። ደሴ አድረው ኮምቦልቻ የሚያስተምሩ መምህራን ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ሰዓቶቹ ቢለያዩ ሚኒባሱ የሚነሳበት ይለወጣል፣ የኮምቦልቻው ቀድሞ የሚጀመር ከሆነ ግን ለእነሱ እውነተኛ ጫና ነውና የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እዚያው ለሚኖሩት መምህራን ቢደለደል ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰዓቱ ሳይቆረጥ በፊት የፋብሪካዎቹ የሰው ኃይል ክፍል፣ የሁለቱ ከተሞች ትምህርት መምሪያዎችና የወላጅ መምህር ኅብረቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ነው። ጊዜውም ነሐሴ ነው፤ የሺፍት ድልድሉ ገና ሳይለጠፍ፣ ወላጆችም ለምዝገባ ሲመጡ።