ቺንኩዌቼንቶን ባደንቅ ምን አለበት?

ትንሽ ተናድጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የክበባችን ስብሰባ ላይ ለዚህ እትም እያንዳንዳችን ስለምናደንቀው አንድ የፈጠራ ሥራ እንድንጽፍ ተባለ። አንዱ አውሮፕላን አለ፣ አንዷ ስልክ አለች። እኔ ደግሞ «ፊያት 500» አልኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ «የጣሊያን መኪና? አንቺ ደሞ የጠላት ዕቃ ታወድሻለሽ?» አለኝና ሁሉም ሳቁ። ሌላው «እሷስ መኪና ናት እንዴ? ባጃጅ በላት» ብሎ ጨመረበት። የምመልሰው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። መልሱ የመጣልኝ ማታ ከተኛሁ በኋላ ነው፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚያደርገኝ። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

በቀላሉ ልጀምር፣ በባጃጁ። አዎ፣ ትንሽ ናት። ርዝመቷ 2 ሜትር ከ97 ሳንቲም ነው። በማስመሪያ ለክቼ አይቼዋለሁ፤ ከክፍላችን ሰሌዳ ታጥራለች። ክብደቷ 500 ኪሎ ገደማ ነው፣ ማለትም እንደ አምስት ኩንታል ጤፍ። ሞተሯ ከኋላ ነው የተቀመጠው፤ ሁለት ሲሊንደር ብቻ አለው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። ቺንኩዌቼንቶ ማለት በጣሊያንኛ አምስት መቶ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ሞተሯ 479 ሲሲ ስለነበር ለ500 ትንሽ ነው የጎደለው።

ግን ለምን ትንሽ ሆነች? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያን ውስጥ ብዙ ሰው መኪና መግዛት አይችልም ነበር። የቻለ ቬስፓ ይገዛል። አባት ይነዳል፣ እናት ከኋላ ትቀመጣለች፣ ልጅ መሃል ይገባል፣ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ይበሰብሳሉ። ዳንቴ ጃኮዛ የሚባለው የፊያት መሐንዲስ እነዚህን ሰዎች ከቬስፓ አውርዶ ጣሪያ ሥር ሊያስቀምጣቸው ፈለገ። ዋጋዋ እንዲረክስ ደግሞ የሚቀነሰውን ሁሉ ቀነሰ። ራዲያተር የላትም። ጣሪያዋ ሸራ ነው፣ ተጠቅልሎ ይከፈታል። ዛሬ ፎቶዋን ያየ ሰው ለማማር የተደረገ ይመስለዋል፤ አንዱ ምክንያት ግን ብረትና ክብደት ለመቀነስ ነበር። እኔ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ትልቅ መኪና ላይ ሁሉንም ነገር መጨመር ይቻላል። ትንሿ ላይ ግን እያንዳንዱን ነገር «ይሄ ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን የመጀመሪያ ውድቀቷን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1957 ቱሪን ከተማ ውስጥ ስትመረቅ ብዙ ተጠብቆባት ነበር፤ ገዢ ግን እንደታሰበው አልመጣም። ጃኮዛ መቀነሱን አብዝቶት ነበራ! የበሩ መስታወት አይወርድም። ከኋላ ወንበር የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ታላቅ እህቷ ፊያት 600 ደግሞ በዋጋ ብዙም አትበልጣትም። ስለዚህ ሰው ድሃ ቢሆንም «ይሄንንስ አልገዛም» አለ። ፊያት ምን አደረገ? ሕዝቡን አልተቆጣም። በጥቂት ወራት ውስጥ መስታወቱ እንዲወርድ አደረገ፣ የኋላ መቀመጫ አስገባ፣ ሞተሩን ከ13 ወደ 15 የፈረስ ጉልበት አሳደገ፣ ቀድመው ለገዙት ደግሞ የተወሰነ ገንዘብ መለሰላቸው። ትልቅ ኩባንያ ተሳስቻለሁ ሲል! እኛ ክፍል ውስጥ እንኳን ላጲስ ማንሳት የሚያፍር ስንት ሰው አለ (እኔም አንዷ ነኝ)።

ከዚያ በኋላ እስከ 1975 ድረስ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ተመረቱ። ጃኮዛ በ1959 «ኮምፓሶ ዶሮ» የሚባለውን የዲዛይን ሽልማት አገኘባት። በ2017 ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አንዷን ከስብስቡ ጨመረ። እንግዲህ ባጃጅ በሉኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፣ የጠላት ዕቃ ወደሚለው።

እውነቱን መናገር አለብኝ። ከቺንኩዌቼንቶ በፊት ሌላ ፊያት 500 ነበረች፤ ቅጽል ስሟ ቶፖሊኖ ነው፣ ትንሿ አይጥ እንደማለት። የሠራትም ያው ጃኮዛ ነው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ቶፖሊኖ ለገበያ የቀረበችው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። እዚያ ሰው አዲስ መኪና ሲያይ እዚህ አገራችን ተይዛ ነበር። የጭነት መኪናዎቹም፣ ትልልቅ ሰዎች ትሬንታ ኳትሮ የሚሏቸው ፊያት 634፣ ለወራሪው ጦር ሲያመላልሱ ነበር። ስለዚህ ልጁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ግን እኔ ጋ ያለውን ብቻ ጽፌ እሱ ጋ ያለውን ብደብቅ ማታለል ይሆናል።

የማልስማማው «ስለዚህ አይጻፍ» በሚለው ነው። እሱ ራሱ ብስክሌቱ ሲተነፍስበት «ጎማዬ» አይደል የሚለው? ጎማ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ጋራዥ ሂዱና ስሙ፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ቃሉን ወሰድን፣ ጣሊያንን አባረርን። ቺንኩዌቼንቶ የተወለደችው ደግሞ አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ከ16 ዓመት በኋላ ነው። የሠራት እጅ ያው ስለሆነ ንጹሕ ናት አልልም። ደህና የተሠራች ናት ነው የምለው። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ከመጻፌ በፊት አያቴን ጠይቄያለሁ። አባባ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሴይቼንቶ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ሴይቼንቶ ማለት ያቺ ፊያት 600 ናት። አባታቸው ደግሞ አርበኛ ነበሩ። «አባባ፣ የጣሊያን መኪና መንዳት አልከበደዎትም?» አልኳቸው።

«የከበደኝስ የመለዋወጫው ዋጋ ነበር» ብለው ሳቁ። በሴይቼንቶዋ ልጆች አሳድገዋል፣ እናቴንም ጭምር። ዳገት ላይ ሞተሯ እንዳይግል የኋላውን ኮፈን ገርበብ አድርገው እንደሚነዱ ነገሩኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «አባቴ ግን አንድ ቀንም አልተሳፈሩባት። ሐኪም ቤት ልውሰድዎ ስላቸው እንኳ በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። እኔ ደሞ ትቻቸው አልሄድ፣ ከኋላቸው በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ እከተላቸዋለሁ። መንገደኛው ይስቅብናል።»

«አይናደዱባቸውም ነበር?» አልኳቸው።

«ለምን ብዬ?» አሉኝ።

ያ የ8ኛ ክፍል ልጅ ይህን አላወቀም ነበር፤ አሁን ያነበዋል። መልስ ካለው ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ አንድ ሙሉ ገጽ ባዶ አስቀምጬለታለሁ።

ከ7ኛ ክፍል