ከዱላ በፊት በር

በቀድሞ ጊዜ ውሻ ሲባል ለሰው የሚታየው በደጅ የሚያድር፣ ሌባና ጅብ የሚጠብቅ፣ ትራፊ በልቶ የሚኖር እንስሳ ነበር። እንዲህ ላለው ውሻ የቤት ሥርዓት ማስተማር አላስፈለገም፤ ጓሮው ሁሉ የእርሱ ነውና። ዳሩ ግን በዛሬዪቱ አዲስ አበባ፣ ይልቁንም እንደ ላፍቶ ባሉ ቪላ በበዛባቸው ሰፈሮች፣ ትንንሽ ውሾች ከሰው ጋር በሳሎን መኖር ጀምረዋል። ቡችላው ወደ ቤት ሲገባ ችግሩም አብሮት ገባ። ቡችላው ምንጣፍ ላይ ይሸናል፤ ባለቤቱም ዱላ ያነሣል።

ይህ ነገር ለጋዜጣ የማይበቃ ትንሽ ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ እኛም ከጥቂት ጊዜ በፊት እንደዚሁ እናስብ ነበር።

ላፍቶ የሚኖር አንድ ወዳጃችን የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ባለቤቱም እንደዚሁ። ለልጃቸው ብለው አንዲት የሦስት ወር ነጭ ቡችላ አመጡ። ጧት በ1 ሰዓት ተኩል ቤቱን ቆልፈው ይወጣሉ፤ ማታ በ12 ሰዓት ይመለሳሉ። ሲመለሱ ሳሎኑ ይሸታል። ወዳጃችን ቡችላዋን በማጅራቷ ይዞ አፍንጫዋን ከሽንቷ ላይ ያሻታል፤ በጫማም ይመታታል። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። ቡችላዋ ከዚህ ሁሉ የተማረችው ቁልፍ ሲንኳኳ ከሶፋ ሥር መደበቅን ብቻ ነው። በመጨረሻም ወዳጃችን ወስዶ ቀለበት መንገድ ዳር ሊጥላት ቆረጠ። በዚያ ቀን እኛም ከቤቱ ነበርን። የግቢው ዘበኛ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ፣ ነገሩን ሰምተው «ልጄ፣ በሩን ቆልፈህባት በየት ትውጣ?» አሉት።

ወዳጃችን ዝም አለ። እኛም ዝም አልን፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥፋተኛዋ ቡችላዋ ናት ብለን ነበርና።

እንግዲህ ነገሩን በእርጋታ እንመልከተው። የሦስት ወር ቡችላ ሽንቷን ልትይዝ የምትችለው በግምት ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ የትናንሽ ውሾች ፊኛ ደግሞ እንደ አካላቸው ትንሽ ነው። ወዳጃችን የሚቆልፍባት ግን ዐሥር ሰዓት ተኩል ነበር። ከዚህም በላይ ውሻ ቅጣትን ከጥፋቱ ጋር የሚያገናኘው ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ሲሆኑ ነው። ጧት ለተፈጸመው ማታ ቢመቱት፣ የተመታው ጌታው ስለ መጣ ይመስለዋል እንጂ ስለ ምንጣፉ መሆኑን አያውቅም።

በማግሥቱ በያጅ ተጠራ። ወደ ጓሮ የሚያወጣው የወጥ ቤት በር ላሜራ ነው፤ በግርጌው ወርዱ አንድ ስንዝር፣ ቁመቱ ትንሽ የሚበልጥ ቀዳዳ ተቆረጠ። ስለቱ በሞረድ ተስተካከለ፤ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማም እንደ መጋረጃ ተንጠለጠለበት። ማታ የሚዘጋ ትንሽ የላሜራ መዝጊያም ከነመቀርቀሪያው ተደረገለት። ክረምት ሲመጣ ቡችላዋ ዝናብ ፈርታ እንዳትመለስ፣ ከውጭ በኩል አንድ ቅጠል ቆርቆሮ በላዩ ተመታ።

ዳሩ ግን በር ብቻውን አያስተምርም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ወዳጃችን በመጀመሪያ ጎማውን ወደ ላይ አሰረው፤ ቡችላዋ መውጣትና መግባት ስትለምድ እስከ እኩሌታው አወረደው፤ በመጨረሻም ለቀቀው። በዕረፍቱ ቀንና ማታ ማታ፣ ከእንቅልፍ ስትነሣ፣ ስትበላና ተጫውታ ስትጨርስ በዚያው በር አውጥቶ ወደ አንድ ቦታ ይወስዳታል፤ እዚያ ስትጸዳዳም ወዲያው አመስግኖ ቁራሽ ይሰጣታል። ቀን ቀን ሳሎኑ ተዘግቶ ወጥ ቤት ትውላለች። የቀድሞው ቦታ ሽታው እንዳይጠራት በውሃና በኮምጣጤ ታጠበ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቡችላዋ ራሷ ጎማውን በአፍንጫዋ ገፍታ መውጣት ጀመረች።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ምሳሌው እውነት ነው፤ በአዲስ አበባ ዳርቻ ጅቡም ዛሬ አልጠፋም። ነገር ግን ምሳሌው የሚናገረው ውሻ ራሱ ስለ ቀደደው አጥር ነው። ጠባብ ሆኖ የተሠራ፣ ማታ የሚቀረቀር፣ ወደ ታጠረ ግቢ እንጂ ወደ መንገድ የማያወጣ በር ሌላ ነው። በአጥሩ ላይ ሽንቁር ያለው ሰው ግን አስቀድሞ አጥሩን ይጠግን። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን በሰው ላይ ከሞከረ ወዲህ የውሻ በሽታን አስቀድሞ መከላከል ተችሏል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻን በየጊዜው ማስከተብ ከበሩም ይቀድማል። በጀሞና በሌቡ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩትም ጓሮ ስለሌላቸው፣ በር በመቅደድ ፈንታ ሰዓት ለይተው ደረጃውን መውረድ ይገባቸዋል።

ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሉሉ የተባለው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ይሸና እንደ ነበረና ጨርቅ ይዞ ጫማ የሚወለውል ሎሌ እንደ ነበረ ይተርካል። ትረካውን ሐሰት የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛም እውነት ነው ብለን አንምልም። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፤ ጨርቅ የሚመጣው ከጥፋት በኋላ ሲሆን በር ግን ጥፋትን ይቀድማል።

ሰውን ከእንስሳ ጋር ማነጻጸር አይሁንብንና፣ ይህ ነገር ስለ ከተማችን አንድ ነገር አሳሰበን። በየአጥሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ እናነባለን። የጻፈው ሰው አልተሳሳተም፤ በአጥር ሥር መሽናት ነውር ነው። ነገር ግን ከአጥሩ አጠገብ የሕዝብ መጸዳጃ መኖሩን ማን ጠየቀ? ክልከላውን ለመጻፍ አንድ ጣሳ ቀለም ይበቃል። መጸዳጃ ለመሥራት ግን ሐሳብ፣ ገንዘብና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ስለዚህም ቀለሙ ይቀድማል።

እናንተ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ደንብ የምትጽፉ፣ ቅጣት የምትወስኑ እናንተው ናችሁ። ብዕሩን አንሥታችሁ «ክልክል ነው» ከማለታችሁ በፊት፣ የላፍቶውን ሽማግሌ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፤ በሩን ቆልፈንበት በየት ይውጣ? በሩ ከተሠራ በኋላ ተግሣጽ ቢመጣ ፍርድ ነው፤ በር ሳይኖር የሚነሣ ዱላ ግን ግፍ ነው።