ቁጠባው ከማን ኪስ ይጀመር?



ውድ አንባቢ ሆይ! ዛሬ በብዙ ቤት የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ። ባልና ሚስት ይመካከሩና ለአንድ ወር ከቤት ኪራይ፣ ከቀለብ፣ ከሕክምናና ከመጓጓዣ በቀር ምንም ላያወጡ ይወስናሉ። የተረፈው ለዕዳ ወይም ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ሐሳቡን አልነቅፍም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የወር ደመወዝተኛ ወሩን ማዳረስ እንዴት እንደከበደው ሁላችንም እናውቃለን። የምነቅፈው አፈጻጸማችንን ነው። ቁጠባው ብዙ ጊዜ ከሴቷ ጓዳ ይጀምርና ከወንዱ ኪስ ሳይደርስ ይቀራልና!

ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሐሳብ ለባለቤቴ አቀረብኩላት። ወረቀት አውጥቼም የሚቀሩትን ጻፍኩ፦ ቡና፣ ዕጣን፣ የልጆች ብስኩት፣ እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ የምትይዘው ስኳር። ወረቀቱን አየችና «ኡስታዝ፣ የኔን አሳምረህ ቆጥረሃል፤ ያንተስ የት አለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ቤት በቀን 60 ብር አወጣ ነበር፤ በ30 ቀን 1,800 ብር ማለት ነው። የሷ የወር ቡና የዚህን ግማሽ አይሞላም። ልጆችን ስለ ፍትሕ የማስተምር ሰው በገዛ ቤቴ ሚዛን አጋድዬ ተገኘሁ።

የኔስ ሻይ ነው። በየቀኑ ለጫት በመቶ የሚቆጠር ብር ከፍሎ ከሰዓቱን በሙሉ በርጫ ላይ የሚውል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ «ዘይቱ ለምን ቶሎ አለቀ?» ብሎ የሚቆጣው ወንድማችንስ ምን ይባል?

ወንድሜ ሆይ! የሚስትና የልጆች ቀለብ ችሮታህ አይደለም፤ ግዴታህ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ.) ባሏ አቡ ሱፍያን ንፉግ እንደሆነና ለሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገረቻቸው። እሳቸውም ለሷና ለልጆቿ የሚበቃውን ያህል፣ ልክ ሳታልፍ፣ ከገንዘቡ እንድትወስድ ፈቀዱላት። እስኪ አስብበት! ባል ሳያውቅ እንኳ መውሰድ የተፈቀደላት መብቷ ስለሆነ አይደለምን? እንግዲያው ከቀለባቸው ቀንሰህ ያጠራቀምከው ብር ቁጠባ ሳይሆን ያልከፈልከው ዕዳ ነው።

በሌላ በኩል «ገንዘብ ማስቀመጥ በአላህ ላይ ያለንን ተወኩል ይጎዳል» የሚሉ አሉ። ይህም ስሕተት ነው። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ለሰባቱ የድርቅ ዓመታት የሚሆን እህል በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እንዲከማች መክረዋል። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር ዑመር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ልብ በል! ያስቀመጡት የቤተሰብ ቀለብ ነው እንጂ ከቤተሰብ ቀለብ የቀነሱትን አይደለም።

ታዲያ ምን ይቁም? ብክነት ይቁም። ጫቱ፣ ሲጋራው፣ የሻይ ቤቱ ግብዣ፣ ለወሬ የሚያልቀው የሞባይል ካርድ ይቁም። እኅቴ ሆይ! አንቺም ብትሆኚ ለየሠርጉ የሚገዛውን አዲስ ቀሚስና ጎረቤት እንዲያይልሽ ብቻ የሚለወጠውን የቤት ዕቃ ጠይቂው።

ምን አይቁም? ለወላጅ የሚላከው፣ ዘመድ የሚጠየቅበት፣ ለእንግዳ የሚቀርበው፣ ለሚስኪን የሚሰጠው ሰደቃ፣ የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ ለባለ ሱቁ የሚከፈለው ዱቤ አይቁም። በሱረቱል ፉርቃን የተመሰገኑት ባሮች የማያባክኑም የማይሰስቱም፣ በሁለቱ መካከል የሚሄዱ ናቸው። ሰደቃን የዘጋ ወር ከብክነት ሸሽቶ ስስት ውስጥ ወድቋል። ግዢውን ለሚቀጥለው ወር ማሳደርም ቁጠባ አይደለም። ወሩ ባለቀ ማግሥት እጥፍ የሚገዛ ሰው ያታለለው ራሱን ነው።

ደግሞስ ውሳኔው የማን ነው? በሱረቱል በቀራ ሕፃንን ጡት ማስጣል እንኳ በአባትና በእናት መፈቃቀድና ምክክር እንዲሆን ተደንግጓል። ጡት ማስጣል ምክክር ካስፈለገው፣ የቤት ወጪ በአንድ ሰው ትእዛዝ ይዘጋልን? ሚስት ሠርታ የምታገኘውም የራሷ ነው። ወዳ ብታካፍልህ ምንዳ አላት፤ አንተ ግን ልታስገድዳት አትችልም።

እኛ ያንን ወረቀት ቀደን ሌላ ጻፍን። የመጀመሪያው መሥመር የኔ ሻይ ቤት ሆነ። ቡናው አልተነካም፤ እኔም ከዐስር በኋላ ቤቴ ገብቼ ከልጆቼ ጋር ጠጣሁት። በወሩ መጨረሻ የተረፈን ብዙ ባይሆንም ሱቁ የነበረብንን ዱቤ ዘጋንበት፤ አልሐምዱሊላህ።

ውድ አንባቢ! ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ አንተም ከባለቤትህ ጋር ወረቀት ይዘህ ተቀመጥ። የሷን ከመቁጠርህ በፊት ግን የራስህን ጻፍ።

አላህ ሪዝቃችንን በበረካ ይሙላልን፤ በቤታችንም ፍትሕን ይወፍቀን። አሚን!

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።