ካርታው የነበረበት ግድግዳ

ቦምቤ ልጅ ሆኜ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ ነበር። የሳሉት የራሳችን መምህር ናቸው፤ መሰላል ላይ ወጥተው፣ የእረፍት ቀናቸውን ሠውተው። ካርታው ላይ ወላይታ ሶዶ አለች፤ ቦምቤ ግን የለችም። አንድ ቀን አንዱ ልጅ በጠመኔ ነጥብ አድርጎ «ቦምቤ» ብሎ ጻፈበት። አለቀልን ስንል መምህሩ ብሩሻቸውን አምጥተው ነጥቧን በቀይ ቀለም አደመቋት። ከዚያ በኋላ በእረፍት ሰዓት እየሄድን ያቺን ነጥብ በጣታችን እንነካት ነበር።

ባለፈው ክረምት ስሄድ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ክሬም ቀለም ተቀብቷል። ዘበኛውን ስጠይቃቸው «ደብዝዞ ነበር እኮ፤ አሁን አማረበት» አሉኝ። ያናደደኝ ይሄው ነው። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ማንም ሳይጠየቅ ጠፋ።

«የትምህርት ቤት ሥዕል ነው፤ ምን ይሄ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። እስኪ ትላልቆቹን እንይ። የእንግሊዝ ፓርላማ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1834 ተቃጥሎ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት የሚመራው ኮሚሽን ግድግዳዎቹ በታሪክ ሥዕል እንዲያጌጡ አደረገ። ዳንኤል ማክሊስ የተባለ ሠዓሊ እያንዳንዳቸው ወደ 14 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት የጦርነት ሥዕሎች ሣለ፤ የመጀመሪያውን በ1861 ጨረሰ። የለንደን እርጥበትና የከሰል ጭስ ግን ለማንም አልራራም። በሕንፃው ከተሣሉት አንዳንዶቹ ብዙ ሳይቆዩ መላጥ ጀመሩ፤ የማክሊስም ደብዝዘዋል። ግን «ደበዘዙ» ተብሎ ክሬም አልተቀባባቸውም፤ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ልክ ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ለንደን ተምረው የመጡት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ሠሩለት፤ የአፍሪካን ያለፈ ሐዘን፣ ትግልና ተስፋ የሚያሳይ። እሱም አረጀ። ማንም ግን አውልቆ ተራ መስታወት አልገጠመበትም፤ አዳራሹ ታድሶ በ2024 ሲከፈት ሥዕሉም አብሮ ታድሷል።

ልዩነቱ የሥዕሉ ትልቅነት አይመስለኝም፤ ባለቤት መኖሩ ነው። የእኛ ካርታ መምህሩ ሲዛወሩ ያለ ባለቤት ቀረ።

«መጀመሪያ ወንበር ይሟላ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን ለክሬሙ ቀለም ብር ተገኝቶ የለም እንዴ? በዚያው ብር ካርታውን ማደስ ይቻል ነበር።

ስለዚህ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም የወረዳ ቢሮ ሲሠራ፣ ዝናብ የማይመታው አንድ ግድግዳ ለሥዕል ይተውልን። እንሰታችን ይሣልበት፣ ዝንጅብል የሚያጥቡት እናቶቻችን ይሣሉበት። የሠዓሊው ስምና ዓመቱ ከሥር ይጻፍ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ደግሞ ተማሪውና ወላጁ ይጠየቅ።

እኔ የካርታው ፎቶ የለኝም፤ ያኔ ስልክ ያለው ልጅ አልነበረም። እናንተ ግን ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው። የትምህርት ቤታችሁን ግድግዳ ዛሬውኑ አንሱት፤ ማን እንደሳለውም ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ።