የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅና የኢንተርኔት ገበያ፦ የሙያውን ዋጋ ማን ይክፈል?

የሙዚቃ መሣሪያ ንግድ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከመደብር ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ ተሻግሯል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ማይክራፎን ወይም የቀረጻ ዕቃ የፈለገ ሰው ዛሬ መጀመሪያ የሚያደርገው በኢንተርኔት ዋጋ ማነጻጸር ነው። ከዚህ ሙዚቀኛው ብዙ ተጠቅሟል። ዕቃው ረክሷል፤ ከትልቅ ከተማ ርቆ የሚኖረውም ከከተሜው እኩል ምርጫ አግኝቷል። በዚያው ልክ ግን መሣሪያ የሚያስተካክል፣ የሚጠግንና ለጀማሪ የሚመርጥ ባለሙያ ያለበት ትንሽ ሱቅ ከየሰፈሩ እየጠፋ ነው። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ በርካሽ ዋጋና በጎረቤት ፍቅር መካከል ያለ ክርክር ሆኖ ይቀርባል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን የሙያ ክፍያ ጥያቄ ነው። ሱቁ የሚሰጠው አገልግሎት ከዕቃው ዋጋ ጋር ተቀላቅሎ ይከፈል ነበር፤ የኢንተርኔት ገበያ ሁለቱን ለያያቸው። ስለዚህ ለሙያው ለብቻው፣ በግልጽ መከፈል አለበት።

መሣሪያን ሳይነኩ መግዛት አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ሲርስ ሮባክ የተባለው ኩባንያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ጊታር በካታሎግ እየሸጠ እስከ ገጠር ይልክ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲልቨርቶን በሚል ስም ያቀረባቸው ርካሽ ጊታሮች ለብዙ አሜሪካውያን የመጀመሪያ መሣሪያ ሆነዋል። ያም ሆኖ ካታሎጉ የከተማውን ሱቅ አላጠፋውም። እንደ ፌንደርና ጊብሰን ያሉ አምራቾች ምርታቸውን የሚያከፋፍሉት በተመረጡ ሱቆች በኩል ስለነበር፣ የተሻለ መሣሪያ የፈለገ ሰው ወደ ሱቅ መሄዱ አይቀርም ነበር። ኢንተርኔት ይህን አጥር አፈረሰ። ርካሹም ውዱም፣ አዲሱም አሮጌውም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ቀረበ።

ለውጡን በማንሃተን ከሚገኘው የኒው ዮርክ 48ኛ ጎዳና በላይ በግልጽ የሚያሳይ ቦታ ጥቂት ነው። ይህ መንገድ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች ተደርድረውበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተው ማኒስ ጂሚ ሄንድሪክስን የመሰሉ ሙዚቀኞች ጊታር የሚገዙበት ቤት ነበር፤ በ2009 ተዘጋ። ማኒስን ቀደም ብሎ የገዛው ሳም አሽ የተባለ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 በብሩክሊን በአንድ ቤተሰብ የተመሠረተ ነው። ልክ መቶ ዓመት በሞላው በ2024 የቀሩትን 42 መደብሮች በሙሉ እንደሚዘጋ አስታውቆ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ስሙን ጎንኸር የተባለ የሜክሲኮ ኩባንያ ገዝቶት ዛሬ በኢንተርኔት ይነገድበታል።

ለውድቀቱ ሁሉ ኢንተርኔትን ብቻ መክሰስ ግን ትክክል አይሆንም። በአሜሪካ በመደብሮቹ ብዛት የሚታወቀው ጊታር ሴንተር እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ ከባዱ ሸክሙ ዕዳ ነበር። ቤይን ካፒታል የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2007 ከ2 ቢሊዮን ዶላር በሚበልጥ ሒሳብ ሲገዛው፣ ለግዢው የተወሰደው ብድር በራሱ በኩባንያው ላይ ተጫነ። የኮሮና ወረርሽኝ መደብሮቹን ሲያዘጋ ያን ዕዳ መክፈል አልተቻለም። የከተማ የቤት ኪራይ መናርም ብዙ ትናንሽ ሱቆችን አስወጥቷል።

የታክስ ሥርዓቱም ለረጅም ጊዜ ለአንድ ወገን አድልቶ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ አንድ ነጋዴ በገዢው ግዛት ውስጥ መደብርም ሆነ መጋዘን ከሌለው የሽያጭ ታክስ እንዲሰበስብ ሊገደድ አይችልም ነበር። በ1,000 ዶላር ጊታር ላይ 8 በመቶ ታክስ ማለት 80 ዶላር ነው። የሰፈሩ ባለሱቅ በትርፉ ላይ አንድም ሳንቲም ሳይጨምር፣ በሕጉ ብቻ ያን ያህል ውድ ሆኖ ይታይ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን አቋሙን የሻረው በሰኔ 2018 ነው። እስከዚያ ግን 26 ዓመት አልፏል።

እነዚህ ምክንያቶች ሁሉ እንዳሉ ሆነው፣ በኢንተርኔት የሚነግዱት ትልልቅ ቤቶች ያሸነፉበት ሌላ ምክንያት አለ። ቶማን እ.ኤ.አ. በ1954 በጀርመን ባቫሪያ ትሬፐንዶርፍ በምትባል ትንሽ መንደር የተመሠረተ የቤተሰብ ሱቅ ነው። ዛሬ ለመላው አውሮፓ የሚሸጠው ከዚያችው መንደር ሆኖ ነው፤ የጥገና ክፍሎችም አሉት፤ የተሸጠ ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ይቀበላል፣ የሦስት ዓመት ዋስትናም ይሰጣል። በአሜሪካ ኢንዲያና፣ ፎርት ዌይን ከተማ ያለው ስዊትዋተር እ.ኤ.አ. በ1979 በተንቀሳቃሽ የቀረጻ ስቱዲዮነት ሥራ ጀመረ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ በስልክ የሚያማክር ሠራተኛ ይመድባል፤ ጊታሮቹንም ከመላኩ በፊት ያስፈትሻል። ሁለቱም ገበያውን የያዙት የሱቁን ሙያ ትተው አይደለም። ሙያውን ወደ መጋዘናቸው አስገብተው፣ በብዙ ሽያጭ ላይ ወጪውን አከፋፍለው ነው። ገዢ ለሙያ ዋጋ እንደሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

መጋዘን ሊወስደው የማይችል ሥራ ግን ይቀራል። የክር መሣሪያ በአብዛኛው እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ እንደ አየሩ ይለዋወጣል። አኩስቲክ ጊታር የሚስማማው ከ45 እስከ 55 በመቶ የሆነ የአየር እርጥበት ነው። በቀዝቃዛ አገር ክረምት ማሞቂያ በሚነድበት ቤት እርጥበቱ ከዚህ በጣም ስለሚወርድ እንጨቱ ይኮማተራል፣ አንገቱ ቅርጹን ይለውጣል፣ ክሮቹ ወይ ከፍ ይላሉ ወይ አንገቱ ላይ ያሉትን የብረት መስመሮች (ፍሬት) እየነኩ ይንጫጫሉ። ይህ ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረ ችግር ነው፤ ማስተካከያውም መሣሪያው ባለበት አገርና ወቅት የሚሠራ ነው። አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ በጥቂቱ ማጥበቅ ወይም ማላላት፣ የክሩን ከፍታ መለካት፣ ያረጀ ፍሬት መሞረድ የእጅ ሥራ ነው።

ቫዮሊን ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል። ክሮቹን የሚሸከመው ድልድይም ሆነ በሣጥኑ ውስጥ የቆመችው ትንሽ እንጨት በሙጫ የተያያዙ አይደሉም፤ የሚያቆማቸው የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። በጉዞ ላይ ክሩ ከላላ ሁለቱም ሊወድቁ ይችላሉ፤ መልሶ በቦታቸው ማቆም ደግሞ ልምድ ይጠይቃል። የልጅ ቫዮሊን መጠኑ ከትንሹ ጀምሮ እስከ ሙሉው ድረስ ብዙ ደረጃ አለው፤ የሚመረጠውም የልጁ ክንድ ተለክቶ ነው። ልጅ ሲያድግ መሣሪያው ስለሚጠበው ብዙ ቤተሰቦች በኪራይ ይጠቀማሉ። እነዚህ ሥራዎች በቅርብ የሚገኝ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ባልተስተካከለ መሣሪያ ጣቱን እያመመው የሚለማመድ ጀማሪ ጥፋቱን ከራሱ ይቆጥራል፤ ተሰጥኦ የለኝም ብሎም ይተዋል። ከጠፋ ሱቅ ጋር የሚጠፋው ትልቁ ነገር ይህን ልጅ በጊዜ የሚያድነው ሰው ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የሚያስፈልግ ሙያ ለምን መክሰር ጀመረ? መልሱን የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ሌስተር ቴልሰር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት አስቀምጦታል። አንዱ ነጋዴ ወጪ አውጥቶ ዕቃውን ያሳያል፣ ያስረዳል፣ ያስሞክራል፤ ገዢው ምክሩን በነጻ ወስዶ፣ ይህን ወጪ ካላወጣው ሌላ ነጋዴ በቅናሽ ይገዛል። በመጨረሻ የሚያስረዳ አይኖርም። ይህ አሁን በሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች በየዕለቱ የሚደረግ ነው። አንድ ሰው አምስት ጊታር አስወርዶ ሲሞክር ውሎ የወደደውን በስልኩ ያዛል። ድርጊቱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የሰውን ጊዜና ዕውቀት ተጠቅሞ ክፍያውን ለሌላ መስጠት ነው።

አምራቾች ለዚህ ያቀረቡት መፍትሔ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ መወሰን ነው። ማንም ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ከተደረገ ሱቁም የኢንተርኔት ቤቱም እኩል ይሆናሉ ይላሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ይህ አሠራር በጅምላ የተከለከለ መሆኑ ቀርቶ እንደየሁኔታው እንዲመዘን ወስኗል። የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ግን አጥብቀው ይቃወሙታል። የብሪታኒያው የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን በ2019 ካሲዮን 3.7 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በ2020 መጀመሪያ ፌንደርን 4.5 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ፤ በዚያው ዓመት ሮላንድና ኮርግም ተቀጡ። የጀርመኑ ተቆጣጣሪ በ2021 በያማሃ፣ በሮላንድና በፌንደር፣ እንዲሁም ቶማንን ጨምሮ በሁለት ቸርቻሪዎች ላይ በድምሩ ወደ 21 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ።

ቅጣቱ ተገቢ ነው። የዋጋ ወለል ትንሹን ሱቅ ይጠብቃል ቢባልም ከፍ ካለው ዋጋ ይበልጥ የሚያተርፈው ብዙ የሚሸጠው ትልቁ ነጋዴ ነው፤ ወጪውን የሚሸከመው ደግሞ ተማሪውና ጀማሪው። ከዚህም በላይ አምራቹ በወሰነው ዋጋ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ በእርግጥ የሚያማክርና የሚያስተካክል መሆኑን የሚያረጋግጥ የለም። የሙያን ዋጋ በዕቃ ዋጋ ውስጥ መልሶ መቅበር ችግሩን ያራዝመዋል እንጂ አይፈታውም።

የተሻለው መንገድ ሁለቱን ዋጋዎች ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ሱቁ ለማስተካከል፣ ለጥገና፣ ለኪራይ፣ ለትምህርትና ለምክር የዋጋ ዝርዝር አውጥቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ። መሣሪያው ከየትም ይገዛ፣ ሥራው ይከፈልበት። ከሱቁ የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ማስተካከያ በነጻ ቢያገኝ የዋጋው ልዩነት ምን እንደሆነ ያኔ በግልጽ ይታያል። ሱቁ ራሱም ኢንተርኔትን መሸሽ የለበትም። ሪቨርብ የተባለው የመሣሪያ መገበያያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው በቺካጎ የጊታር ሱቅ ባለቤት ነው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ኤትሲ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ በ275 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ትንሽ ሱቅ አሮጌ መሣሪያ ጠግኖ በእንዲህ ያለ ገበያ ለሩቅ ገዢ መሸጥ ይችላል። ኮሚሽን ይከፍላል፤ ነገር ግን ፋብሪካ በማያመርተውና ትልቁ መጋዘን በማያገኘው ዕቃ ላይ ሙያው ትርፍ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በውጭ ምንዛሬ እጥረት ምክንያት ከውጭ ድረ ገጽ በቀጥታ መግዛት ለአብዛኛው ሙዚቀኛ ቀላል ሆኖ አያውቅም፤ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚገባው በነጋዴ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲተመን በእጅጉ ተወዷል። አዲስ መግዛት በከበደበት አገር ያለውን የሚያድስ እጅ ዋጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ የኪቦርድና የአምፕሊፋየር ጠጋኝ፣ የጊታር አስተካካይ በኢትዮጵያ ከአውሮፓው አቻው ይልቅ አስፈላጊ ነው። ሙያውም እንደ ሙያ መሠልጠኛ ቦታና ተመጣጣኝ ክፍያ ሊያገኝ ይገባል።

የአገር ቤቶቹ መሣሪያዎች ነገር ከሁሉ የጠራ ነው። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና በገና በእጅ ስለሚሠሩ አንዱ ከሌላው አንድ ዓይነት አይወጣም። የበገና አሥሩ ጅማቶች ያንን የሚንዘረዘር ድምፅ የሚሰጡት በጅማቱና በድልድዩ መካከል የምትገባው እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ በትክክል ስትቀመጥ ነው፤ በፎቶ ይህን ማወቅ አይቻልም። ቆዳ የተወጠረበት ክራርና መሰንቆ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የክረምት ማሞቂያ ሥር ሲከርም ቆዳው ይደርቃል፣ ድምፁም ይለወጣል። በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለልጁ ክራር ሲፈልግ ለጌጥ ተሠርቶ በኢንተርኔት የሚሸጠውን ከመግዛት ይልቅ በሚጫወት ሰው በኩል ሠሪውን ቢያዝ ይሻለዋል። ሠሪው ለማን፣ ለምን ዕድሜና ለየትኛው አየር እንደሚሠራ ያውቃል። ተጨማሪ ክር አብሮ ይልካል፤ ቆዳው ሲላላ ምን እንደሚደረግም ያስረዳል።

ከዚህ ሁሉ ለገዢው የሚወጣው መመሪያ ቀላል ነው። ኬብል፣ ማይክራፎን፣ የቀረጻ ካርድና የኪቦርድ ማቆሚያ አንዱ ከሌላው የማይለይ የፋብሪካ ዕቃዎች ስለሆኑ ከረከሰበት ይገዙ። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ገዢው በኢንተርኔት የገዛውን ምክንያት ሳያቀርብ በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት በሕግ አለው፤ ይጠቀምበት። የጀማሪ የመጀመሪያ መሣሪያ፣ የልጅ ቫዮሊን፣ የእንጨት ጊታርና በእጅ የተሠራ መሣሪያ ሁሉ ግን ሙያተኛ ካለበት ቦታ ይገዙ። በሱቅ ሞክሮ የወደደ ሰው ከዚያው ይግዛ፤ ዋጋው ከበዛበት ቅናሽ ይጠይቅ፤ ካልተስማማም ለወሰደው ጊዜና ምክር ይክፈል። ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ባህል ማዕከላት መሣሪያ በብዛት ሲገዙ ከዋጋው ጎን የጥገና ውል በአቅራቢያቸው ካለ ባለሙያ ጋር ይፈራረሙ፤ አንድ ዓመታዊ ውል አንድን ትንሽ ሱቅ ሊያቆም ይችላል። ሱቁ በስሜትና በርኅራኄ አይኖርም። የሚሠራውን ሥራ የሚያውቅ ደንበኛ ለሥራው በከፈለ ቁጥር ግን ይኖራል።